ለጅራት ደረስን!

ወገኖቼ፣ ድሮ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ነበር። አሁን ጉዱ መስከረምን መጠበቅ ትቶ በየደቂቃው በስልክ ይገባል። መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤቱን ሙሉ የምታስሱ፣ ከወንበር ስትነሱ «እመ ብርሃን!» የምትሉ የዕድሜ ባልንጀሮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹማ ከሁለት መስመር በላይ አያነቡም። ጊዜ የላቸውም፤ ጅራት እያጠኑ ነው።

አዎ፣ ጅራት ነው ያልኩት። የሳንቃ ጅራት። በባሕር ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሳንቃ አለ አይደል? የእሱ የኋላ ጫፍ እንዴት ይቆረጥ፣ የትኛው አቆራረጥ ለየትኛው ማዕበል ይስማማል እየተባለ ቤቴ ውስጥ ክርክር ተይዟል። ቤቴ ያለው ደግሞ ዓይደር ነው። መቀሌ፣ ዓይደር! ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ወጥተን የተቀመጥን ሰዎች፣ ቧንቧው ፉጨት ብቻ ሲያሰማን በቢጫ ጀሪካን የምንሰለፍ ሰዎች፣ ስለ ሞገድ ዓይነት መማከር ጀመርን።

እኛና ባሕር የምንገናኘው በጨው ብቻ ነው። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ደናክል ድረስ ገብቶ፣ ኋላ ውኃው ተንኖ ጨዉን ትቶልን ሄደ። ያ አሞሌ በግመል ተጭኖ፣ ግመሎቹ እርስ በርስ ተቀጣጥለው ወደ መቀሌ ሲገቡ እንዴት ያለ ጌጥ ነበር! አቧራው ራሱ ይሸት ነበር፣ ደስ የሚል ሽታ። አሁን ከባድ መኪና መጥቶ ይዘረግፈዋል። ከዚያ ወዲህ ወጥ ጣዕሙን አጣ፤ ሐኪሙ ጨው ስለከለከለኝ አይደለም፣ ጨዉ ነው የተለወጠው።

ወደ ጅራቱ ልመለስ። የልጄ ልጅ ከምሳ በኋላ ስልኩን አቁሞ አንድ ጎረምሳ ቤት በሚያህል ውኃ ላይ ሲንሸራተት ያሳየኛል። «ምን ሊያመጣ ገባ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። ዓሣ አያጠምድ፣ ሰው አያሻግር፣ ወደ ተነሣበት ዳርቻ ይመለሳል። ለዚህ ደግሞ ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ተሰጠ! ሩጫን ማን አስናቀው? ሯጭ ቢያንስ አንድ ቦታ ይደርሳል።

«አባሓጎ፣ ቁም ነገሩ ኋላው ላይ ነው» አለና ገና ያልተነካውን ሕምባሻ ወደ ራሱ ሳበ። አንዱን ቁራሽ ወደ ጫፉ አሹሎ ቆረጠው። ይህ ሹል ጅራት ነው፤ ለትልቅና ለቁጡ ማዕበል። እንዲያ ያለ ማዕበል ፍጥነቱን ራሱ ይሰጣል፤ ሰውየውን የሚቸግረው መሮጥ ሳይሆን አለመንሸራተት ነው። ጅራቱ ሲጠብ ውኃው ውስጥ ጠለቅ ይላል፣ የማዕበሉን ግድግዳ ነክሶ ይይዛል፣ ሳንቃው ወደ ጎን አያፈተልክም። ሁለተኛውን ቁራሽ ሰፋ አድርጎ ጫፉን ደመደመና ማዕዘኖቹን በጥፍሩ አለዘባቸው። ይህ የሠርክ ጅራት ነው፤ በብዛት የሚታየው። ሰፊ ስለሆነ ደካማ ማዕበልም ቢሆን ውኃው ከሥር ደግፎ ያነሣዋል፤ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ውኃው ድንገት ስለሚላቀቅ ሳንቃው ቶሎ ይታጠፋል። ያንኑ ሰፊ ጅራት ትልቅ ማዕበል ላይ ቢወስዱት ግን ውኃው ከኋላ እየገፋ ያስነሣውና መያዣ ያሳጣዋል። ሦስተኛው ክብ ነው፤ ውኃው በዙሪያው ሳይቆራረጥ ስለሚፈስ ሰውየው ረጋ ብሎ፣ ቅስት እየሠራ ይዞራል። ይኼኛው ጨዋ መሰለኝ።

አራተኛውን መሃሉን ሸንቁሮ ሁለት ጫፍ አወጣለት፣ የዓሣ ጅራት አስመሰለው። ለትንሽ ማዕበል የሚሆን ስፋት አለው፤ ሰውየው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ግን አንደኛው ጫፍ ብቻውን እንደ ሹል ጅራት ውኃውን ይነክሳል። ሁለት ጠባይ በአንድ ጅራት! ስቲቭ ሊስ የሚባል የካሊፎርኒያ ልጅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳን ዲዬጎ ላይ ቀርጾት ነው አሉ። አውስትራሊያዊው ማርክ ሪቻርድስ ደግሞ ባለ ሁለት ክንፍ ሳንቃ ይዞ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1982 አራት ጊዜ ተከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ስሰማ ሸንቃራውን ቁራሽ በላሁት። ክርክር ያለ ሻይ አይሆንም።

«ማዕበሉ መሃል ላይ ቢለወጥስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሌላ ሳንቃ ያመጣል» አለኝ። አያችሁ ጥጋብ! ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ባሕር፣ ስንት ሳንቃ?

በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ መራቀቅ የት ነበረ? መቀሌ የብስክሌት አገር ናት፤ እኔም አንዲት ፎኒክስ ብስክሌት ነበረችኝ። በእሷ ገበያ ይወጣል፣ በእሷ ሙሽራ ይታጀባል፣ በእሷ ፍየል ይጫናል። አንዲት ብስክሌት፣ ለሁሉም መንገድ! እርግጥ ክረምት ሲገባ ጥርሳሙን ኮፐርቶን አስገባላት ነበር፤ ጭቃ ላይ ለስላሳ ጎማ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ለአስፋልት ደግሞ ቀጭኑን፣ ያውም ካላማዳሪያው ድንጋይ እስኪመስል በፖምፓ ሞልቼ። ጠጠር ላይ ስወጣ ነፋሱን ቀነስ አደርጋለሁ፤ ጎማው ሲለዝብ ጠጠሩን አቅፎ ይሄዳል። የእንዳየሱስን ዳገት ለመውጣት የኋላውን ጥርስ በትልቁ አስለውጥ ነበር፤ ለመውረድ ደግሞ ትንሹን። ፍሬኗንም የማምነው አንድ ጎሚስታ ብቻ ነበር የሚነካት። ይህ ግን መምረጥ አይባልም፤ ማወቅ ይባላል። ይህን ስነግረው ልጁ «እኮ አባሓጎ፣ እሱ ነው!» ብሎ ጭኑን መታ። ምኑ እሱ እንደሆነ አልገባኝም።

አሁንማ ብስክሌቱም ተበላሽቷል። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በደስታ አልቅሻለሁ። ነገር ግን እዚያ ውድድር ላይ ለብቻ በሰዓት ለሚጋለበው ቀን ሌላ ብስክሌት፣ ለዳገቱ ሌላ ብስክሌት መሆኑን ሳይ እንባዬን ጠረግሁ። ፎኒክሷን ብንሰጠው ፍየልም ይዞ ይገባ ነበር።

ባሕርንም ቢሆን አውቀዋለሁ፣ እንዳትንቁኝ። በወጣትነቴ ከአስመራ በባቡር ወርደን ምጽዋን አይተናል። ባሕር ማለት ያ ነበር! ሥርዓት ያለው፣ የማይንጫጫ፣ ዳርቻውን ልሶ የሚመለስ። ልጁ «ቀይ ባሕር ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ትልቅ ማዕበል የሚነሣው ነፋስ ሰፊ ውቅያኖስ ላይ ረጅም ርቀት ሲነዳው ነው» ይለኛል። ድንቄም! ያኔ ነፋሱም ጨዋ ስለነበር ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ዋኙ፤ እኔ ልብሳቸውን ጠበቅሁ። ስለዚህ ባሕሩን በደንብ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ ውስጡ ስለነበሩ ምኑን አዩት?

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ሁሉ ወሬ ወደድኩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ እኛ እዚህ ከጣሊያን ጋር ስንተናነቅ፣ ሃዋይ ላይ ጆን ኬሊና ጓደኞቹ ሳንቃቸው ትልቅ ማዕበል ላይ ከኋላው እየከዳቸው ተቸገሩ። ጅራቱ ሰፊና ደንዳና ነበር። ታዲያ ኬሊ ምን አደረገ? ስልክ ከፈተ? ባለሙያ ጠየቀ? መጥረቢያ አነሣና ሰፊውን ጅራት ጠርቦ አጠበበው! ሳንቃው ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ይዞ ሄደ። ሰው ማለት እንዲህ ነው። እኔም ልጁ ፊት መጥረቢያዬን አወጣሁ፤ ነገር ግን የሚጠረብ ሳንቃ ስለሌለን ለፍልጥ ተጠቀምኩበት።

ጅራትን ከፈረንጅ መማርማ ለእኛ ነውር ነው። የጅራት ፈተና የወደቀውም ያለፈውም በእኛው ደንገል ነው! ጣና ላይ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበትን ደንገል ታውቁታላችሁ። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው የጥንት ግብፆች በደንገል መርከብ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ላሳይ ብሎ ተነሣ። ደንገሉ ከጣና ታጭዶ ጊዛ ድረስ ተጋዘ፤ ፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ሠሩትና «ራ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ሰባት ሰው ከሰባት አገር ይዞ ወጣ።

የቻዶቹ ሰዎች አገራቸው ላይ የሚሠሩት ጀልባ ኋላው ቁርጥ ያለ ነው፤ ለሐይቅ ይበቃል። የግብፅ ሥዕል ላይ ግን ጅራቱ ወደ ላይ ተቆልምሞ፣ ከጫፉ አንድ ገመድ ወደ ወለሉ ወርዶ ታስሮ ይታያል። ገመዱ ለጌጥ መሰላቸውና ተዉት። ውቅያኖሱ ግን ጌጥ አልመሰለውም፤ ጅራቱ ቀስ በቀስ ዘመመ፣ ማዕበሉ በኋላ በኩል ገባ፣ ካሪቢያን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መርከቧን ትተው ወጡ። በዓመቱ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ አራት የአይማራ ባለሙያዎች መጡ። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ። እነሱ ፊቱንም ኋላውንም ወደ ላይ አሹለው፣ አጥብቀው አሰሩት። «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ። ጅራት ማለት ይህ ነው! ጣናን አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ታንኳው ላይ ውጣ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፤ ጅራቱን ዳር ሆኜ መርምሬ አልወደድኩትም ነበር። በኋላ ሄየርዳል ላይ የደረሰውን ስሰማ «አላልኳችሁም?» አልኩ። ለማንም አላልኩም ነበር፣ ግን በሆዴ ብያለሁ።

እንግዲህ እነዚህ ልጆች መጽሐፍ ትተው፣ ሰው መጠየቅ ትተው፣ ሌሊቱን በስልክ ያጋምሱታል። ትናንት ማታ ደግሞ አንዱ ናዛሬ በሚባለው የፖርቱጋል ዳርቻ፣ ያ ተራራ የሚያህል ማዕበል በሚነሣበት፣ ወርዶ ሲጠፋ አየሁት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር፤ ቤተሰቡ ተኝቷል። «አንተ ሞኝ፣ ሰፊ ጅራት ይዘህ እዚያ ትገባለህ?» ብዬ ጮኼ ቤቱን ቀሰቀስኩት። ልጁ ተነሥቶ መጣና ስልኩን አየ። «አባሓጎ፣ ጅራቱ እኮ ሹል ነው፤ የወደቀው በሌላ ምክንያት ነው» አለኝ። መነጽሬን አላደረግሁም ነበር።

የሆነ ሆኖ ፍርዴ ይህ ነው፦ ለሠርክ ክቡ ጅራት ይበልጣል። ደምዳማው የቸኮለ ሰው ነው፣ ሸንቃራው ሁለት ምላስ አለው፣ ሹሉ ትዕቢተኛ ነው። ይህን የሚቃወም ካለ ዓይደር ይምጣና ይከራከረኝ፣ ሻይ አለ፣ ሕምባሻም እንቆርጣለን። ስልክ ግን አትደውሉልኝ፤ በተለይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ። ስትደውሉ ቪዲዮው ይቋረጥብኛል።