እርጅናዋ ሳይነካ ሞተሯ ይቀየር

ሰውዬው መኪናዋን የገዛት ስላረጀች ነው። ከገዛት ቀን ጀምሮ ደግሞ ገንዘቡንም ቅዳሜውንም የሚጨርሰው እርጅናዋን አንድ በአንድ እየነቀለ ለማውጣት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዳላስ አጠገብ ባለችው ሪቻርድሰን ውስጥ ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ከግሪንቪል ጎዳና ወደ መኖሪያ ሰፈሮቹ ገባ ብሎ በሩ የተከፈተ ጋራዥና ከመኪና ሥር ብቅ ያሉ ሁለት እግሮች መፈለግ ነው። አበሻም አለበት። ሳምንቱን ሙሉ በካምሪ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ ሲያመላልስ የሰነበተ ወንድማችን፣ ቅዳሜ ሲነጋ የ1969 ካማሮ ጌታ ሆኖ ይነሳል። (ዘመኖቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ካማሮ በእኛ አቆጣጠር ተሠርታ አታውቅም።)

ካማሮዋ የምታድረው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ካምሪውና የልጆቹ ቫን ውጭ። የሰሜን ቴክሳስ የፀደይ በረዶ በወረደ ቀን ቤተሰቡን የሚያበላው መኪና ጣሪያው ይጎደጉዳል፤ ምንም የማትሠራው እመቤት ግን ብርድ ልብስ ለብሳ ድምፁን ታዳምጣለች።

ሞተሯ ለምን ይቀየራል ብትሉት መልሱ ዝግጁ ነው፤ “ካርቡራተር ጣጣ አለው።” እውነቱን ነው። ጠዋት ፔዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተረገጠለት አይነሳም። ነሐሴ ላይ በሴንትራል ኤክስፕረስዌይ መጨናነቅ ውስጥ ቆይቶ ነዳጅ ሊቀዳ ካጠፋት፣ ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል። ከዚያ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት ኮፈን ከፍቶ እስክትቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ግን የሚገባውን አየር ለክቶ፣ ጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን አሽትቶ፣ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይረጫል። ቁልፍ ሲዞር ይነሳል። ልክ እንደ ካምሪው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ጋራዡ ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር ግን ነውር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የጄኔራል ሞተርስ ኤልኤስ የተባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። በ1997 በኮርቬት ላይ ሲወጣ 5.7 ሊትር፣ 345 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ የሥጋ ዘመዶቹ ደግሞ ከ1999 ጀምሮ የሲልቨራዶ ፒክአፕን ሆድ ሞልተውታል። ስለዚህ የተጋጩ መኪኖች በሚቆራረጡበት ግቢ እንደ ልብ ይገኛል። “በርካሽ አገኘሁት!” ይላል ወዳጃችን። ሶማሌ ተራ ዞሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል።

የድሮው ሞተር የነዳጅ ፖምፓ የሚገፋው 6 ፒኤስአይ ያህል ቢሆን ነው፤ አዲሱ 58 ይጠይቃል። ስለዚህ ፖምፓ። ፖምፓው ታንኩ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ የድሮው ታንክ ግን ውስጡ ወለል ያለ ነውና ኩርባ ላይ ቤንዚኑ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ ፖምፓው አየር ይስባል። ስለዚህ ታንክ። ኮፓው ከሻንሲው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ኮፓ። የኤሲው ኮምፕሬሰር መቀመጫ አጣ፤ ያለ ኤሲ ደግሞ የዳላስን ሐምሌ የሚሞክር ጀግና የለም። ኮምፒውተሩ በበኩሉ ከሟቹ ፒክአፕ ቁልፍ ጋር የተማማለው ነገር አለና ሞተሩ እንደተነሳ መልሶ ያጠፋዋል፤ ይህን መሐላ የሚፈታ ባለሙያ ተፈልጎ ይከፈለዋል። “ካምቢዮውም አብሮ ቢቀየር ይሻላል” ተባለ። ካምቢዮ ሲቀየር ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ልክ አይሆንም፤ ተቆርጦ ይበየዳል። ይህ ሁሉ አልፎ መኪናዋ መብረር ስትጀምር ነው ማቆሚያዋ ትዝ የሚለው። ፍሬኗ የ1969 ነው።

ያኔ ሚስት ትጠይቃለች። “ከድሮዋ ምን ቀረ?”

“ላሜራዋ።”

ላሜራዋም ቢሆን ወለሉንና የኋላ መከላከያ ቆርቆሮዋን ዝገት በልቶት ስለነበር ከፊሉ አዲስ ነው። እሱን ግን አልተጠየቀም።

ይህን ስል ቅርስ ተደፈረ እያልኩ አይደለም። መስል ካር የሚባለው ወገን ራሱ የሞተር ቅየራ ልጅ ነው፤ ፖንቲያክ በ1964 የትልቁን መኪናውን ሞተር መካከለኛው ላይ ጭኖ ነው ጂቲኦን የወለደው። የዚሁ አገር ሰው ካሮል ሼልቢ ደግሞ አለ። ዳላስ ያደገ፣ ዶሮ እርባታ ሞክሮ ዶሮዎቹ በበሽታ ያለቁበት ሰው ነው፤ በ1962 ለአንዲት ቀላል የእንግሊዝ መኪና የፎርድ ቪ8 ከተተላትና ኮብራ ሆነች። ወዳጃችን የአካባቢውን ወግ ነው የጠበቀው።

እኔን የሚያስቀኝ 1958 ነው። በዚያ ዓመት ክራይስለር ጥቂት መኪኖቹን ቤንዲክስ በሠራው የኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን አወጣቸው። ዕቃው ስላስቸገረ ከአብዛኞቹ ላይ ተነቅሎ ካርቡራተር ገባላቸው። በዚያው ዓመት ጃክ ኪልቢ የሚባል መሐንዲስ እዚህ ዳላስ፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያስገኘችለትን የመጀመሪያዋን ቺፕ ሠራ። ኢንጀክሽን አጥቶ የተንከራተተው ይህንኑ አንጎል ነበር። እንግዲህ ያኔ ኢንጀክሽን አውጥቶ ካርቡራተር፣ ዛሬ ካርቡራተር አውጥቶ ኢንጀክሽን፤ ከዚያ በተረፉት ኢንጀክሽኖች ላይ ደግሞ ሰብሳቢዎች ዓይናቸውን ጥለዋል። በመሀል የማይለወጠው ሂሳብ ከፋዩ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሞተር መቀየር ለማንም ብርቅ አይደለም። ቀረጡ መኪናን የማይሞት ፍጡር አድርጎታል፤ ላዳም ሆነ ቮልስ ሞተሩ ካለቀ የተገኘው ይገባለታል። ልዩነቱ እዚያ ነገሩ የሚደበቅ መሆኑ ነው። ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ደላላውም “ሞተሩ አልተነካም” እያለ በእናቱ ይምላል። እዚህ ኮፈን ከፍቶ ጎረቤት መጥራት ነው። የሚጠይቅ መንግሥትም የለም። ቴክሳስ ከጥር 2025 ጀምሮ ለግል መኪና ዓመታዊውን የደህንነት ምርመራ አንስታለች፤ ሪቻርድሰን በተዘረጋችባቸው በዳላስና በኮሊን ካውንቲዎች የጭስ ምርመራ ቢቀጥልም ከ24 ዓመት በላይ የሆነውን አይነካም። ለቦሎ ሲል ከጎረቤት ጎማ ተውሶ የሚያውቅ ያገር ልጅ ይህን ሲሰማ እንባው ይመጣል።

ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋራዡን እንዲያዩ ተጋብዘው ነበር። “ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ” ተባሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሯት።

“ካርቡራተሩ ምን ሆኖ ነው የወጣው?”

“ጠዋት ጠዋት እያስቸገረኝ ነዋ ጋሼ።”

“አጥባችሁት ነበር?”

ጋራዡ ጸጥ አለ። ለካ ማንም አላጠበውም።

“እኛኮ ቤንዚን ውስጥ ነክረን፣ ቀዳዳዎቹን በአፋችን ነፍተን፣ ከሰዓት ለባለቤቱ እናስረክብ ነበር” አሉና ቡና ወደሚሸትበት ገቡ።

ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ሌላ ችግር መጣ። መኪናዋ ኮፈኗ ሲከፈት አሮጌ አትመስልም። ለዚህም ገበያው ተዘጋጅቷል፤ የአዲሱን ሞተር ኮይሎች የሚደብቅ፣ የድሮ ክዳን የሚመስል ሽፋን ይሸጣል። ካርቡራተር የሚመስል ኢንጀክሽንም ይሸጣል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልተን ረከቦቱ ሥር የፕላስቲክ ቄጤማ የምንጎዘጉዝ ሰዎች በዚህ ላይ ብዙ ባንናገር ይሻላል። ከዚያ ደግሞ ድምፁ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ዝም አለ፤ የድሮ የውድድር ሞተር ደግሞ ቆሞ ሲሠራ ሊጠፋ እንደሆነ እየተንገዳገደ ነው ልብ የሚሰርቀው። ምን ይሻላል? ኮምፒውተሩ እንደገና ባለሙያ ጋ ሄደና ጤነኛው ሞተር የታመመ እንዲመስል ታዘዘ። የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፤ ጎስት ካም የሚባል፣ ዋጋ ተቆርጦለት የሚሸጥ አገልግሎት ነው። ወዳጃችን መንገዳገዱን ለማዳን ከፍሎ፣ ኮምፒውተር እንዲያንገዳግድለት ደግሞ ከፈለ።

የወጣው ሞተር ማቆሚያው ላይ ተሰቅሎ ጥግ ይዟል። መኪናዋ አንድ ቀን ከተሸጠች ከፋብሪካ የወጣችበት ሞተር አብሯት ካለ ዋጋዋ ይጨምራልና አይሸጥም፤ እንዲሁ ቢቀመጥ ደግሞ ይዝጋል። ባለፈው ሳምንት መፍትሔ አገኘለት። ሞተር የሌላት የ1972 ሼቭሮሌ ፒክአፕ ጋርላንድ ውስጥ በርካሽ አግኝቷል። ቀብድ ከፍሏል። ባለቤቱ ገና አልሰማችም።