«የማን ልጅ ናት?»፦ የትዳር ማጣራት ሳይንሳዊ ዳሰሳ

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ባስ የሰው ልጅ የትዳር ጓደኛውን በምን መስፈርት እንደሚመርጥ ለማወቅ በ33 አገሮች 10,047 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት በ1989 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከአፍሪካ ናይጄሪያ፣ ዛምቢያና ደቡብ አፍሪካ ተጠይቀዋል፤ ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። ለተጠያቂዎቹ የቀረበው ዝርዝር 18 ባሕርያትን ይዟል፤ መልክ፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የገቢ ተስፋ፣ የምግብ ሙያ ሳይቀር አሉበት። ዝርዝሩ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አክስት እጅ ቢገባ ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ «ሁሉም ጥሩ ነው፤ የማን ልጅ ናት የሚለው የታለ?» ማለታቸው አይቀርም። ይህ ዳሰሳ ያንን ክፍተት ለመሙላት የተሰናዳ ነው።

በመስኩ ስምምነት የተደረሰበት ንድፈ ሐሳብ አጭር ነው፦ ልጅ ይወዳል፣ ቤተሰብ ያጣራል። ልጁ ግን የሚወደውም ቢሆን አስቀድሞ በተጣራ ዓይን ነው። ለምሳሌ ፍንጭትን እንውሰድ። በሌላው ዓለም ወላጅ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በጥርስ ሐኪም የሚያስዘጋው ክፍተት እኛ ዘንድ ሲወደስ የኖረ ውበት ነው። በሰሜኑ ገጠር ደግሞ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ነጥቶ እንዲታይ ስንት ልጃገረድ የመርፌውን ሕመም ችላ ድዷን ተነቅሳለች። ዓይን አፋርነትም እንደዚሁ ነው። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ መሬት መሬት ማየት ነጥብ ያስቀንሳል፤ አማት በሚሆኑ ሴትዮ ፊት ግን ያስጨምራል።

ከዓይን ያለፈውን ዘር ይቀበለዋል። በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖራቸው ይቆጠራል። ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። አንድ ሰው ወላጆቹን፣ አያቶቹን፣ ቅድመ አያቶቹን እያለ ሰባተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ 128 ሰዎች ይጠብቁታል፤ መንገድ ላይ ያለፋቸው ሲደመሩ 254 ይሆናሉ። የሁለቱም ተጋቢዎች ሲቆጠር 508 ስም ነው። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሽማግሌ እስካሁን ስላልተገኘ፣ በተግባር የሚቆጠሩት መሬት የነበራቸውና በመሬት የተካሰሱት ናቸው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ልል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጎን ዝምድና የሚከለክለው ወንድምና እህትን፣ አጎትና አክስትን ማግባት ነው፤ የአጎት ልጅ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ከደሴ ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የወረደ ሰው ደግሞ ቀኑ ሳይመሽ ሌላ ሥነ ምግባር ውስጥ ይገባል። በአፋር የአብሱማ ባህል ወንዱ የአባቱን እህት ልጅ የማግባት ቅድሚያ አለው። ደጋ ላይ ንስሐ የሚያስገባው ጋብቻ ቆላ ላይ መብት ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ታዲያ የሌላውን ልማድ ሲሰሙ እኩል ይደነግጣሉ።

ማጣራት ሲበዛ የሚያመጣውን መዘዝ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ አስቀምጠውታል። ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ በዘር እየመዘኑ መለሱ፤ ልጅቱ ደግሞ ሊያስተምራት ቤታቸው ከገባው ከገበሬው ልጅ ከበዛብህ ጋር ተዋደደች። ፊታውራሪ በሩን ሲጠብቁ አስተማሪውን ማጣራት ረስተው ነበር።

ወደ መስክ ሥራው እንለፍ። ዋናው የመረጃ ምንጭ የሰፈር ባለሱቅ ነው። የማን ቤት በዱቤ እንደሚወስድ፣ ማን በወር መጨረሻ መንገድ ቀይሮ እንደሚያልፍ ደብተሩ ያውቃል፤ ልጅቷ ማታ በማን መኪና እንደምትሸኝ ደግሞ ዓይኑ ያውቃል። የእድር ጸሐፊው ቤተሰቡ ለለቅሶ ይወጣ እንደሆነ ይመሰክራል። የጸጉር ቤት መረጃ በብዛቱ ወደር የለውም፤ ከካስክ ሥር ስለሚሰበሰብ ግን ግማሹ በደንብ ያልተሰማ ነው። የንስሐ አባት ሁሉንም ያውቃሉ፣ ምንም አይናገሩም፤ ስለዚህ የሚተነተነው ሳላቸው ነው።

መጠይቁ ለሁለቱ ጾታዎች አንድ ዓይነት አይደለም። ስለ ወንዱ የሚጠየቀው «ይጠጣል ወይ?» ነው፤ «ቅዳሜ ብቻ» የሚል መልስ እንደ አይጠጣም ይመዘገባል። ስለ ሴቷ የሚጠየቀው ሙያ ነው። ዋናው ፈተናም ዶሮን 12 ቦታ መበለት ነበር፤ ዛሬ ዶሮ ተበልታ በፌስታል ስለምትሸጥ የፈተናው ደረጃ ወርዷል የሚሉ እናቶች አሉ። ሁለቱ ልጆች ይግባባሉ ወይ የሚለው ጥያቄ በመጠይቁ ላይ የለም። ዳሰሳው ይህን ጉድለት መዝግቦ ያልፋል፤ ቀላል ጉድለት ግን አይደለም።

ማጣራቱ ሲያበቃ ሽማግሌ ይላካል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ደረጃውን ጨርሰው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው በር ያንኳኳሉ። አባት ከፍተው «በሰላም ነው?» ይላሉ፤ ከኋላቸው የዶሮ ወጥ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። «ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው የመጣነው» ሲባል አባት ያስባሉ፤ አስበው «ልጄ እኮ ገና ናት፤ ትምህርቷንም አልጨረሰችም» ይላሉ። ልጅቷ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ባንክ መሥራት ከጀመረች አራተኛ ዓመቷ ነው። ጓዳ ቆማ በቴሌግራም የሚዜዎቿን ቀሚስ ቀለም እያስመረጠች ነው፤ ለአዳራሹም ቀብድ ተከፍሏል። «ከዘመድ መክረን እናሳውቃችሁ፤ ለሁለት ሳምንት ኑ» ተብለው ይሸኛሉ። ሽማግሌዎቹ በጣም ደስ ብሏቸው ይወርዳሉ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት እንዳለ ቢሰሙ ልጅቷን ነበር የሚጠራጠሩት።

ዘር ብቻውን ያበቃበት ዘመን ግን አልፏል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «የ2005 ተመዝጋቢ ነው» የሚለው ምስክርነት ከደጃዝማች የልጅ ልጅነት ያላነሰ ይመዝናል፤ የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ባይወጣለት እንኳ ወረፋ ጠባቂነቱ ትዕግሥቱን ያሳያል። ውጭ ላለው ደግሞ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው። በአሜሪካ በኩል ማጣራቱን ቆንስላው ተረክቦታል። በእጮኛ ቪዛ ለመሄድ ጥንዶቹ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ማስረዳት አለባቸው፤ ልጅቷ አሜሪካ ከገባች በኋላም በ90 ቀን ውስጥ መጋባት ግዴታ ነው። ፎቶ ይታያል፣ እንዴት ተዋወቃችሁ ተብሎ ይጠየቃል። አገር ቤት ሽማግሌ ፊት «አንተዋወቅም» ሲባባሉ የከረሙ ጥንዶች ቆንስላው ፊት ሲቆሙ ስንት ዓመት እንደተዋደዱ በማስረጃ ይዘረዝራሉ።

በመጨረሻ ለአንባቢ አንድ ተግባራዊ ማሳሰቢያ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በጾሙ በኦርቶዶክሱ ቤት ሰርግ የለም፤ ሰው ሁሉ የሚሽቀዳደመው ከጥምቀት በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ለጥር ያሰባችሁ ካላችሁ ሽማግሌዎቻችሁን በጥቅምት ላኩ፤ አንዴ መመለሳቸው አይቀርም።