ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ

ካርዴ ላይ የታተመው 08/19 ነበር። ባንኮቻችን ይህን የሚያትሙት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ እስከ ኦገስት 31 ቀን 2019 ያገለግላል ማለት ነው፤ በእኛ ነሐሴ 25 ቀን 2011። ይህን ስለማውቅ ክረምቱ ሳይገባ ቅርንጫፌ ሄጄ ምትክ ካርድ እንዲታተምልኝ ፎርም ሞልቼ ፈርሜ ነበር። ሐምሌ ላይ ስጠይቅ ገና ከዋናው መሥሪያ ቤት አልመጣም ተባልሁ። «እስኪመጣ የድሮው ይሠራል፤ አያስቡ» አለችኝ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ። የነገሯትን ነው የነገረችኝ፤ በእሷ አላዘንሁም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አጎቴ ደሴ ታሞ ሆስፒታል መግባቱ ተሰማና ተነሣሁ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙ አስፋልቱን ውጦት ሾፌራችን መብራት አብርቶ በዝግታ ይሳብ ነበር፤ ከደብረ ሲና ቁልቁል እስክንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነው የተቀመጠው። በክረምት ያን ዳገት ያለፈ ያውቀዋል።

ቅዳሜ ማታ ሆስፒታሉ አጠገብ ካለው ኤቲኤም ለአልጋና ለምርመራ የሚበቃኝን ብር አወጣሁ። ካርዱ ምንም እንከን አልነበረበትም። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አዘዘ፤ እዚያ ስለሌለ ከውጭ ይገዛ አለ። በዝናብ ሮጬ ወደዚያው ማሽን ሄድሁ። ካርዱን ተቀበለ፣ አሰበ፣ ጊዜው አልፎበታል ብሎ መለሰልኝ። ደግሜ ከተትሁት፤ መልሱ ያው ነው። ለእኔ ሌሊቱ ገና የቅዳሜ ነበር፤ እኛ ቀን የምንቆጥረው ሲነጋ ነው። ለማሽኑ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲያልፍ ወሩ ተለውጦ ሴፕቴምበር 1 ገብቷል። ያውም እሑድ፤ ባንክ የማይከፈትበት ቀን።

ያን ጊዜ ያናደደኝን ነገር ቆይቼ ጠይቄ ስረዳው ይበልጥ ነው ያናደደኝ። ካርዱ ላይ ያለችው ቺፕ ባትሪም ሰዓትም የላትም። ማሽን ውስጥ እስክትገባ ድረስ ገመዱ እንደተነቀለ ሬዲዮ ዝም ያለች ናት። ኃይሏን ከማሽኑ ታገኛለች፤ የዕለቱንም ቀን የሚነግራት ማሽኑ ነው። በውስጧ የማብቂያዋ ዓመት፣ ወርና ቀን በስድስት አኃዝ ተጽፏል፤ ማሽኑ ያን ከዕለቱ ቀን ጋር ያመሳክራል፣ ገንዘቡ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ግን ባንኩ ይወስናል። እንግዲህ በዚያ ሌሊት እምቢ ያለችኝ ቺፗ አይደለችም። ምትኩን ካርድ ሳያትም የቆየው ባንክ ነው እምቢ ያለኝ።

ካርድ ማብቂያ ቀን አይኑረው አልልም። ሮላን ሞሬኖ የተባለው ካይሮ የተወለደ ፈረንሳዊ የቺፕ ካርድ ፓተንቱን ካስመዘገበበት ከፈረንጆቹ 1974 ወዲህ ኮምፒዩተር ጉልበቱ እየጨመረ ሄዷል፤ ትናንት የማይሰበር የነበረ የምስጢር ቁልፍ ነገ ሊሰበር ይችላል። ፕላስቲኩም ያረጃል፣ የጠፋና የተረሳ ካርድም ሌባ እጅ ይገባል። ማብቂያው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀኑን የሚያትመው ባንክ ካርዱን ከሰጠበት ዕለት ጀምሮ ያውቀዋል። ምትኩን ለማዘጋጀት ዓመታት አሉት።

በጀርመን የፈረንጆቹ 2010 ሲብት ምን እንደሆነ ብዙዎች ያስታውሳሉ። የቺፑ ሶፍትዌር አዲሱን ዓመት በትክክል ማንበብ አቅቶት ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጉ ካርዶች በበዓሉ ሰሞን ተቸገሩ። ጊዜያቸው ሳያልፍ ነው። ባንኮቹ ያን ሁሉ ካርድ ሰብስበው አልጣሉም፤ ማሽኖቻቸውን አስተካክለው ደንበኛው ገንዘቡን እንዲያገኝ አደረጉ። ከተፈለገ መላ አለ ማለት ነው።

ወደ ደሴ ልመለስና፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ተረኛ መድኃኒት ቤት ክፍት አገኘሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ማዘዣውን አዩ፣ የኔን ፊት አዩ። «አብሽር ልጄ፣ በሽተኛው ይቅደም። ብሩን ባንክ ሲከፈት ታመጣለህ» ብለው መድኃኒቱን ሰጡኝ። መታወቂያዬን ላስይዝ ብል አልቀበልም አሉ። ሰኞ ጠዋት ደሴ ባለው ቅርንጫፍ በመታወቂያና በደብተር ከራሴ ሒሳብ አውጥቼ ከፈልኋቸው። ሒሳቡ ደኅና ነበር፤ ብሩም እዚያው ነበር። አጎቴም ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ ወዲህ የሽማግሌዎችን ካርድ ማየት ልማድ አድርጌዋለሁ። አጎቴ የራሱን 08/19 ቢያይ ስምንተኛው ወር ሚያዝያ ነው፣ ዓመቱም 2019 ነው ብሎ ስንት ዓመት ቀረኝ ይል ነበር። ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ በአገሩ አቆጣጠር ነው ያነበበው።

ባንኮች ሆይ፣ የማብቂያውን ቀን በእኛም አቆጣጠር አትሙልን። ከሒሳባችን አንድ ብር ስትቀንሱ መልእክት እንደምትልኩ ሁሉ ካርዱ ሊያበቃ ወር ሲቀረውም ላኩልን። አዲሱ በእጃችን ሳይገባ የድሮውን አትዝጉ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ወላጆቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ ካርዳቸውን ተቀብላችሁ ቀኑን አንብቡላቸው፤ ከቀረበም አብራችኋቸው ቅርንጫፍ ሂዱ።