ቁልቁለቱ በነጻ፣ ዳገቱ በሊትር

አሰላ ውስጥ ሰላምታ በአጭሩ አያልቅም። ጤና ይጠየቃል፤ ልጆች በየስማቸው ይጠየቃሉ፤ የከብቱና የዝናቡ ነገርም አይዘለልም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ሁሉ መጨረሻ አንዲት ጥያቄ ተጨምራለች፤ «ማደያው ነዳጅ ገብቶለታል?» የሚገርመው፣ ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መኪና የለውም። ሞተር ሳይክልም የለውም። «የለም» ሲባል ግን ከባለመኪናው በፊት ፊቱ የሚጠቁረው እሱ ነው።

ምክንያቱን ያስረዳኝ አንድ ባለጋሪ ነው። ባጃጁ ሁሉ ወረፋ ላይ በዋለበት ቀን ከገበያ ወደ ቤት ጋሪ ያዝኩ። ስወርድ የለመድኩትን ሒሳብ ሰጠሁት። ልጁ ብሩን ገልብጦ አየና እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ይጨምሩ እንጂ ጋሼ፤ ነዳጅ ጨምሯል እኮ።»

ፈረሱን አየሁት። ፈረሱም አየኝ። «ይሄ ፈረስ ቤንዚን መጠጣት የጀመረው መቼ ነው?» አልኩት።

«እሱማ ገለባውን ነው የሚበላው። እኔ የምበላው ጤፍ ነው በአይሱዙ ተጭኖ ናፍጣ እየጠጣ የሚመጣው።»

ጨመርኩለት። ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ጓደኛዬ ይህንኑ ነገር ለማስረዳት ስንት ማኪያቶ አስጠጥቶኝ አልገባኝም ነበር።

ልጁ እውነቱን ነው። በኛ በአርሲ ስንዴውን የሚያጭደው ኮምባይነር ነው፤ ኪራዩ የሚታሰበው በኩንታል ነው፤ ናፍጣ በጨመረ ቁጥር የኩንታሉ ሒሳብም ይጨምራል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ስዊድን በረዳችው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በካዱ ዘመን፣ ትራክተር ወደ ጭላሎ አውራጃ ሲጎርፍ በሬው ጡረታ ወጣ ተባለ። በሬ ናፍጣ እንደማይጠጣ ያኔ ማንም ልብ አላለም። ዛሬ ስንዴው እዚሁ ደጃችን በቅሎ፣ ዳቦው ግን ከውጭ አገር እንደመጣ ሰው ይኮራብናል። ዋጋው አልጨምርም ያለ ቀን ደግሞ ቁመቱ ይቀንሳል።

የኔ ድርሻ አንዲት የድሮ ኮሮላ ናት። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ቤንዚን በሊትር 31 ብር ከ74 ሳንቲም ሲገባ «ጉድ ፈላ» ብለን ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ መንግሥት ድጎማውን ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ለማድረግ ሲነሳ 47 ብር ከ83 ሆነ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ ነዳጃችን ደግሞ በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ በኩል በቦቴ የሚመጣ ነው፤ ቦቴውም ባዶ ሆዱን አይመጣም፣ መንገድ ለመንገድ ይጠጣል። እናም በ2017 የገና ሰሞን፣ የዶሮው ዕዳ ሳይከፈል፣ አንድ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ዓመቱ ሳያልቅ 120ን አለፈ። በ1,428 ብር ይሞላ የነበረ የ45 ሊትር ታንከር በዚያ ገና 4,566 ብር ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ማደያ ስገባ «ሙላው» ብዬ አላውቅም። «የአምስት መቶ» እላለሁ፤ ቀጂው ልጅ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ መኪናዋን ያያል። የሚያዝነው ለእሷ ይመስለኛል።

በ1966 ዓ.ም ነገሩ ሌላ ነበር። በዓረቦችና በእስራኤል ጦርነት ማግስት የዓለም ነዳጅ ተወዶ፣ እኛም አገር ቤንዚን በግማሽ ያህል ሲጨመርበት፣ የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥት ዋጋውን ቀነሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ መንግሥቱ ራሱ አልነበረም። እኛ ጨዋዎች ነን። ቤንዚን ሲጨምር አድማ የምንመታው ሶደሬ ላይ ነው።

በአዳማ በኩል ያለችው የፍል ውኃ መዝናኛ፣ ሶደሬ፣ የቤታችን ማዕረግ ነበረች። እሑድ ጠዋት ልጆቹ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው መኪና ውስጥ ቀድመውኝ ይቀመጡ ነበር። የወጪ ደብተሩን የምትይዘው ባለቤቴ ናት። ዘይት፣ ስኳር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ እያለች ወርዳ «መዝናኛ» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ትንሽ አሰበችና ሰርዛ «ቤንዚን» ብላ ጻፈችበት። «ምነው?» ብላት፣ «ያው አይደል፤ ገንዘቡ የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው፤ ሶደሬ ደርሰንማ ምን ተዝናንተን እናውቃለን? ድንች ቀቅለን ይዘን ነው የምንሄደው» አለችኝ። አሁን ልጆቹ እሑድ እሑድ ጭላሎን በመስኮት ያያሉ። ተራራው አራት ሺህ ሜትር ያልፋል፤ ለማየቱ አይከፈልበትም።

ነዳጅ ከተወደደ ወዲህ ደግሞ ጂኦግራፊ አወቅን። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዳማ በ75 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከኛ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተኝታለች። ቦቆጂ በተቃራኒው ከኛ ከፍ ትላለች፤ አማቴ የሚኖሩት እዚያ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ይህ ማለት ወደ መዝናኛ ስትሄድ ቁልቁለት ነው፣ በነጻ ትወርዳለህ፤ ዋጋውን የምትከፍለው ስትመለስ ነው። ወደ አማትህ ስትሄድ ግን የምትከፍለው በዳገቱ ነው፤ ስትመለስ መኪናዋ ራሷ ታመጣሃለች። ተፈጥሮ በዚህ ምን ማለቷ እንደሆነ ያገባ ሰው ያውቃል።

አንዳንዱ ይህን ቁልቁለት ሲያይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ይለቀዋል። ሰፈራችን ያለው መካኒክ በዚህ ነገር ይናደዳል። «በኢንጄክሽን የሚሠራ መኪና በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይቆርጣል፤ ዜሮ ስታደርገው ነው የሚጠጣው። ፍሬንህም ይግላል። የነዳጅ ብር ቆጥበህ ለሐኪም ልትሰጥ ነው?» ይላል። የኔዋ በካርቡሬተር የምትሠራ አሮጊት ስለሆነች የመጀመሪያው ምክር አይመለከታትም። የፍሬኑ ይመለከታታል፤ በማርሽ እወርዳለሁ።

ወደ ቦቆጂ መሄዱን ግን አሳንሰን ነበር። አማቴ ደወሉ። «ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?» ነዳጁን፣ ወረፋውን፣ ኑሮውን ዘረዘርኩላቸው። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁና፣ «እኛ አገር ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በእግራቸው ነው ዓለምን ያዳረሱት። አንተ 55 ኪሎ ሜትር በመኪና አቃተህ?» አሉኝ። በአሰላ በኩል መልስ ለመስጠት ኃይሌን ላነሳ ነበር፤ እሱም በልጅነቱ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለስ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ሄድን። የሰጡንን ጭኮና ቅቤ ባለቤቴ በደብተሯ ከነዳጁ ጋር አወዳድራ፣ ጉዞው ማትረፉን አረጋገጠች። ይህን ለእናቷ እንዳልነግር አስምላኛለች።

ወረፋው ሌላ ዓለም ነው። ነዳጅ ሊገባ ነው የተባለ ሌሊት ሰልፉ ማደያው ከመከፈቱ በፊት ይያዛል። ሞተር የሚያስነሳ የለም፤ ሁሉም በሩን ከፍቶ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ በትከሻው እየገፋ ይጠጋል። በመሀል ሻይና ቆሎ ይዞራል። አንዱ ቀብር መድረስ አለብኝ ይላል፤ ሌላው ለሠርግ መኪና ቃል ገብቻለሁ ይላል። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ወጣት በሃይላንድ ጠርሙስ ቢጫ ነገር ይዞ ቆሟል፤ ዋጋውን የሚናገረው በጆሮ ነው። ተራ ሲደርስ ደግሞ ክፍያው በስልክ ነው። ብሩ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ነዳጁ ማደያው ውስጥ አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ኔትወርክ ግን በዚያች ሰዓት የለም። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ስልኬን ወደ ሰማይ እንዳነሳ ይመክረኛል። አነሳለሁ።

ከዚህ ሁሉ የተገላገለ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ አዲስ መኪና ያማረው ሰው መንገዱ ያው ነው። እሱ ወደ አዳማ ሲወርድ ጭራሽ ቁልቁለቱ ባትሪውን ይሞላለታል፤ እኔ ፍሬን የምፈጅበት ቁልቁለት ለእሱ ደመወዝ ይከፍለዋል። ምቀኝነት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ልጆቹ ሻማ ሲፈልጉ፣ እኔ በጨለማው ውስጥ የሱን ግቢ በተረጋጋ መንፈስ አያለሁ።

የዚያ ክልከላ ሌላ ተጠቃሚ ደግሞ የኔዋ አሮጊት ናት። አዲስ ስለማይገባ አሮጌው ተወደደ። ስትሄድ ትበላኛለች፤ ስትቆም ዋጋዋ ይጨምራል። ደመወዜ እየሠራሁ እንኳ እንደሷ አይጨምርም። ባለቤቴ ይህን ካወቀች ወዲህ ቁልፉን ሳነሳ «ወዴት?» የምትለው ድምፅ ተለውጧል፤ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ላወጣ የገባሁ ያህል ምክንያት ትጠይቀኛለች።

ቢሆንም ይህ ውድነት አንድ ነገር አስለይቶናል። ድሮ ቁልፍ አንስተን ወጥተን፣ ወዴት እንደምንሄድ የምናስበው መንገድ ላይ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ መንገድ ቤት ውስጥ ይመዘናል። ሶደሬ ወደቀች። የሙሽራ አጀብ ከተማውን ሦስቴ መዞሩን ትቶ በአንዴ አበቃ፤ ሙሽሮቹም አልቀየሙም። ዝም ብሎ «ዞር ዞር» ማለት ቀረ። ቀብር አልቀረም። የታመመ መጠየቅ አልቀረም፤ አራት ሆነን በአንድ መኪና እንሄዳለን እንጂ። አማቴም አልቀሩም። አንድን ሰው ምን ያህል እንደምንወደው ሊትር ቆጥረን ማወቅ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ግን ከዚህ በፊት ጭራሽ ቆጥረን አናውቅም ነበር።

ለማንኛውም ቅዳሜ ወደ አዳማ እወርዳለሁ። በዴራ መስመር የሚሄድ ካለ መኪናዬ ክፍት ናት፤ ሲወርድ አንድ ሳንቲም አልጠይቅም። ሲመለስ ግን ዳገቱ ሥር ቆመን እንነጋገራለን።