ስለ ቮልስ መቆራረጥ የቀረበ ሐተታ

ቸርችል ጎዳናን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ ቮልስ መንተፋተፍ ሲጀምር ቀድሞ ሊጠና የሚገባው ሞተሩ ሳይሆን ሰዉ ነው። መኪናው ገና ጥግ ሳይዝ አንዱ ጫማውን ሳያስጨርስ ከሊስትሮው ፊት ይነሣል፤ ሌላው ከሱቅ ደጃፍ ይመጣል፤ ሦስተኛው ከየት እንደመጣ እስካሁን አልተደረሰበትም። ከመካከላቸው ለጉዳዩ እንግዳ የሆነው ቶሎ ይለያል፦ የፊቱን ክዳን ያስከፍትና ከመለዋወጫ ጎማ ጋር ይፋጠጣል። የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው።

የጥናቱ ዕቃ ማዕረግ አያንሰውም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ስለ ዕለቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሞተሩ አነሣሥ ግን የታሪክ ሰዎች የሚገባውን ያህል አልተጨነቁም። እ.ኤ.አ. በ1972 የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ክብረ ወሰን የሰበረው ይህ መኪና፣ በሐምሌ ወር 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ መመረቱ ሲያበቃ ድምሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ ቆራርጠዋል ለሚለው ጥያቄ ‹‹ሁሉም›› ብሎ መነሣቱ ሳያዋጣ አይቀርም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ደግሞ ጥናቱ አስቸኳይ ሆኗል።

መቆራረጥ ማለት ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ተራው ደርሶ ሳይነድ ማለፉ ነው። ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 6,000 ብልጭታ ይፈልጋል፤ በሰከንድ 100 መሆኑ ነው። ብልጭታ ያላገኘው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ያልፍና እዚያ ይነዳል፤ ያኔ ማርሚታው ይተኩሳል፣ መንገደኛው ጎንበስ ይላል፣ ጉባኤውም በይፋ ይከፈታል።

የመንገድ ዳር ሊቃውንት የሚከተሉት የአንድምታን ስልት ነው። አንድም ካርቡራተሩ ቆሽሿል፤ አንድም ካንዴላው ሞቷል፤ አንድም ቤንዚኑ ውሃ አለበት፤ አንድም መኪናዋን ዓይን በልቷታል። የኋለኛው ትርጓሜ የፊተኛውን አይሽርም፤ ይደረብበታል እንጂ። ባለመኪናው ሁሉንም በአክብሮት ያዳምጣል። ሊገፉለት የሚችሉት እነሱ ብቻ መሆናቸውን ያውቃላ።

በተከታይ ብዛት የካርቡራተር ወገን ይመራል። ክርክሩም መሠረት አለው። ቮልስ የተሠራባት ቮልፍስቡርግ ከባሕር ጠለል ያላት ከፍታ 100 ሜትር አይሞላም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ግን ለቆላ በተሰፈረለት መጠን ቤንዚን መቅዳቱን ይቀጥላል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ እንጦጦ ላይማ ይብስበታል። የዚህ ወገን ብቸኛ ድክመት መኪናው ፍሬን እንቢ ሲልም ካርቡራተሩን መጠርጠሩ ነው።

የቤንዚን ወገን በቁጥር ቢያንስም በስሜት ይበልጣል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተመረተ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር በመጀመሪያ 5፣ ኋላም 10 በመቶ ተደባልቆ ሲሸጥ መቆየቱን በቃሉ ያውቃል። ኤታኖል ውሃ ይስባል፤ ለእሱ ያልተሠራ አሮጌ የጎማ ቱቦንም ያበላሻል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ወገኑን ተወዳጅ ያደረገው ግን ጥፋቱን ከባለመኪናው አንሥቶ ወደ መንግሥት ማሻገሩ ይመስላል።

የኤሌክትሪክ ወገን ወጣት ነው፤ ክርክር አይወድም፤ ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴና ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት አለው። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ያነሣል፣ ውስጥ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ፈግፍጎ ያጸዳል፣ በመካከላቸው 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያበጃል። መለኪያ ካልያዘ ከክብሪት ቀፎ የተቀደደ ካርቶን ይሰካበታል፤ ውጤቱ ለሚገርም ያህል ቅርብ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ ‹‹ጋሼ፣ እስቲ አሁን ያስነሡት›› ይላል።

ሞተሩ ይነሣል።

ተመራማሪውን ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ወገን እንዲህ ያለ ማስረጃ አለውና። የካርቡራተሩ ሰው ባለፈው ጊዜ ቀዳዳውን በአፉ ነፍቶ አስነሥቷል። የቤንዚኑ ሰው ቱቦውን ነቅሎ መልሶ አስነሥቷል። ‹‹ዓይን ነው›› ያሉት እናትም አንዴ ጎማውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው እንዳስነሡ የዓይን ምስክር አለ። አራት የተለያዩ መድኃኒቶች አንድ በሽታ እንዴት ያድናሉ?

ማብራሪያው ያለው ኮይሉ ዘንድ ነው። ይህ ዕቃ የባትሪውን ጥቂት ቮልት ከ10 ሺሕ በላይ አድርሶ ለካንዴላው ያቀብላል። ሲያረጅ በሙቀት ይደክማል፤ የውስጡ ሽቦ መሸፈኛ ይከዳውና ብልጭታው ይሰንፋል። ኮንደንሰሩም ያው ጠባይ አለው። ሲበርዱ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በሙቀት ቱቦው ውስጥ የተነነ ቤንዚንም ሲበርድ ወደ ፈሳሽነቱ ይመለሳል። ክርክሩ በተካረረ መጠን ሞተሩ ይበርዳል። ፈዋሹ እንግዲህ ራሱ ጭቅጭቁ ነው፤ ምስጋናው ግን ሞተሩ በሚነሣበት ቅጽበት እጁ እዚያ ለነበረው ሰው ይሆናል። ‹‹አላልኩዎትም?›› ይላል፤ የሻይ ይሰጠዋል። መኪናው ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ መልሶ ይግልና የፊተኛውን ጉባኤ ውሳኔ ያልሰማ ሌላ ጉባኤ ይቀመጥበታል።

ጉዳዩን በጥቂት ደቂቃ የሚቋጭ ፈተና አለ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ እጅን በደረቅ ወፍራም ጨርቅ ወይም በጎማ ጠብቆ፣ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መመለስ ነው። ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ደኅና ነው፤ ምንም ካልተሰማው ሥራ ፈቱ ተገኘ። ከዚያ ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ማቀያየር፦ ጥፋቱ አብሮ ከሄደ ካንዴላው ነው። ጫፉም ይነበባል። ቡናማ ከሆነ ጤና ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ፒስተኑ ወይም ቫልቩ ዘይት ያሾልካል፤ ከነጣ ቤንዚን አንሷል ወይም ሙቀት በርትቷል። ፈተናው መንገድ ዳር የማይዘወተረው መሣሪያ ጠፍቶ አይደለም። መልስ ስለሚሰጥ ነው፤ መልስ ከተገኘ ሰው ሁሉ ወደየመጣበት መመለሱ ነው።

መልሱ በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው ወደ እሱ የሚወርደው አየር መንገድ ላይ ተገትሯል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ፋብሪካው ይህን አላጣውም። በአንዳንድ ዲስትሪቢውተሮች ላይ ለሦስተኛው ብቻ ብልጭታው ጥቂት እንዲዘገይ አደረገ፤ ከእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል ጀምሮም በትልልቆቹ ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣውን ከመንገድ ገለል አደረገው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ቫልቭ ማቃጠላቸውን ቀጠሉ። ለብዙዎቹ ሞተሮች ቫልቭ በቀዝቃዛው ሲለካ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃዋል። ክፍተቱ ሲሰፋ ይንኳኳል፤ ሲጠብ ዝም ይላል። ባለመኪናው ‹‹ድምጿ እንዴት አማረ!›› እያለ በሚደሰትባቸው ሳምንታት ቫልቩ በደንብ ስለማይገጥም ጠርዙ እየነደደ ነው።

እንዲህ ያለው ቮልስ በመጨረሻ ጋራዥ ይገባል። አዛውንቱ መካኒክ ገመዶቹን አንድ በአንድ ይነቅላሉ፤ ሦስተኛው ላይ ሞተሩ አይነቃነቅም። ካንዴላው ይቀየራል፤ ለውጥ የለም። ኮምፕሬሽኑ ይለካል፤ መርፌው ከሌሎቹ እኩሌታ አይደርስም። ሞተሩ ወርዶ ቫልቩ ሲወጣ ከጠርዙ የጥፍር ያህል ተሸርፏል፤ ዙሪያው የከሰለ፣ ሽራፊው ጋ ግን ንጹሕ ብረት የሚያበራ። መካኒኩ በመዳፋቸው አድርገው ለባለመኪናው ያሳዩታል። አዲስ ቫልቭ ከሶማሌ ተራ እንዲመጣ ይታዘዛል። ከቸርችል ጀምሮ መኪናውን እየገፋ አብሮ የመጣው ሰው ቫልቩን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ያገላብጠዋል፤ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ያየዋል፤ ይመልሰዋል።

‹‹እሱስ ይሁን አባባ፤ ካርቡራተሩን ግን አይተውታል?››