«በሞቴ» ባዩ ኮምፒውተር

ኮሮላዬ ቤንዚን መጠጣት ካበዛች ወዲህ ባለቤቴ መምጣቴን የምታውቀው በክላክስ ሳይሆን በጠረን ነው። እኔ በሩን ሳላንኳኳ ቤንዚኑ ቀድሞኝ ሳሎን ይገባል።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 1997 የተሠራች ናት፤ በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ ትንሽ ልጅ ትሆንልኝ ነበር። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ከሞቀች በኋላ ግን ሚኒሞዋ አልወርድ ብሎ ታጓራለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። አጥፍቻት ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ ዳቦው ካልቀዘቀዘ አልነሳም ትላለች።

አዲስ አበባ ውስጥ የሰው መኪና ሲታመም መካኒክ ያልሆነ የለም። ጎረቤቴ «ካንዴላ ነው» አለ፤ አራቱንም ቀየርኩ። የወጡት ጥላሸት ለብሰው ነበር፣ ግን ማን ልብ አላቸው? የሥራ ባልደረባዬ «ፊልትሮ» አለ፤ ቀየርኩ። ፓርኪንግ የሚጠብቀው ልጅ ኢንጀክተሩ ይታጠብ አለ፤ አሳጠብኩ። አንዱማ ጥፋቱን ከተማዋ ላይ ጣለው፤ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ነው አለ። አየሩስ እውነት ስስ ነው፤ ግን ስንት ዓመት እዚሁ ኖራ ዛሬ ነው እንዴ የታወቃት?

የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ በካርቡራቶር ዘመን ካቻቪቴ ሩብ ዙር አዙረው ሞተር ያስታርቁ የነበሩ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው ጆሯቸውን ደገኑ። የሚዞር ብሎን ፈልገው አጡ። «ልጄ፣ ይቺ የምትታዘዘው ለኮምፒውተር ነው፤ ከእሱ ጋር ደግሞ አልተዋወቅንም» ብለው ወደ አንድ ወጣት ላኩኝ።

ወጣቱ ኮፈኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ከፍቶ፣ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኘና ቁልፉን ከፈተ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር መብራት ሁለቴ ብልጭ ብላ፣ አርፋ፣ ደግሞ ሁለቴ ብትል የብልሽት ቁጥር 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ማለት ነው። የኔዋ መብራት ግን ሳታርፍ፣ እኩል እኩል ብልጭ ብልጭ አለች።

«ምን እያለች ነው?»

«ደህና ነኝ እያለች ነው ጋሼ።»

ጭሷ እያሳለን፣ ደህና ነኝ!

ልጁ ግን አላመናትም። ሞተሩ እንደጋለ የዚያኑ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ሶኬት ነቅሎ በቴስተር ለካ፤ 2,400 ኦም ገደማ። «ይሄ 20 ዲግሪ ላይ የሚነበብ ነው። 80 ላይ 300 አካባቢ መውረድ ነበረበት» አለ። ሽቦው ተበጥሶ ቢሆን ኮምፒውተሩ ይነቃ ነበር፤ ይሄኛው ግን የሚታመን ውሸት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ የራሱ ሴንሰር ስላለው ለእኔ እውነቱን ሲነግረኝ ከርሟል። ኮምፒውተሩ ግን ብርድ ያንዘፈዘፋት እንግዳ የመጣችበት መስሎት፣ እንደ አክስቴ «በሞቴ! በሞቴ!» እያለ ቤንዚን ያጎርሳታል። እሷ ጠግባ በጭስ ማውጫዋ ታገሳለች፣ እሱ ሌላ ይጠቀልላል።

ሶማሌ ተራ ሄጄ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር ገዛሁ። ባለሱቁ ኦሪጅናል ስለመሆኗ በእናቱ ማለ። ልጁ ገጠማት፣ ሚኒሞው ወረደ፣ ጭሱ ጠፋ። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ በአንድ ቁልፍ ተነሳችልኝ።

ዳቦውን እንደጋለ ይዤ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ደንግጣ ከወጥ ቤት ወጣች፤ ጠጋ ብላ አሸተተችኝ፣ ደግማም አሸተተችኝ።

«ቤንዚን ቤንዚን አትልም» አለች ዓይኗን አጥብባ። «የት ታጥበህ ነው የመጣኸው?»