የወንዝ ዳር ቅርስን ለማስዋብና ነዋሪን ለማስፈረም የወጣ አዋጅ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃን ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ፤

ከእንጦጦ በኩል የሚወርዱት ቀበና፣ ግንፍሌና ቀጨኔ ማንንም ሳያስፈቅዱ እየፈሰሱ፣ በአቃቂና በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ የሚገቡ በመሆናቸውና ይህም ከአሠራር ውጭ ሆኖ በመገኘቱ፤

በወንዞቹ ዳር የሚኖረው ሕዝብ የቅርሱ ባለቤት መሆኑ በባነር ላይ የተጻፈ በመሆኑና ለባነሩም የተከፈለበት በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የአቴንዳንስ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
«ወንዝ» ማለት በሁለት የእግረኛ መንገዶች መካከል የሚገኝ፣ ምረቃ ሲቀረጽ ካሜራ የማይዞርበት ነገር ነው። «ቅርስ» ማለት ከፈረሰ በኋላ ሰሌዳ የሚተከልለት ነው። «ነዋሪ» ማለት ቅጹ ላይ የሰፈረ ሰው ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ውሃው
ይህ አዋጅ ውሃውን አይመለከትም። የፋብሪካ ፍሳሽና የመጸዳጃ ቤት ቱቦ ጉዳይ በሌላ አካል ይታያል።

አንቀጽ 4፦ ስለ አቴንዳንስ
1. ማንኛውም ነዋሪ ወደ ምክክር መድረኩ ሲገባ ስሙን፣ ጾታውን፣ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ይፈርማል። ፊርማው መገኘቱን ብቻ ያረጋግጣል።
2. በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ መገኘት መስማማት ነው። በዚህም መሠረት፦

ሀ) ዘግይቶ የመጣ ነዋሪ ከመክፈቻ ንግግሩ ጀምሮ እንደተስማማ ይቆጠራል። አቋርጦ የወጣም ተስማምቶ ስለጨረሰ ነው የወጣው።

ለ) ያልፈረመ ሰው የታሸገ ውሃና ብስኩት አይሰጠውም። በስህተት ተሰጥቶት ክዳኑን የከፈተ እንደሆነ ግን ክዳኑ እንደ ፊርማ ያገለግላል።

ሐ) እጁን አውጥቶ የተቃወመ ነዋሪ ሐሳቡ «ገንቢ አስተያየት» ተብሎ ይመዘገባል። ገንቢ አስተያየት ፕሮጀክቱን የሚያዳብር በመሆኑ ሰውየው ሁለት ጊዜ ተስማምቷል።

መ) ከስሙ ጎን «አልስማማም» ብሎ የጻፈ እንደሆነ፣ ቅጹ ለዚህ የሚሆን ዓምድ ስለሌለው ጽሑፉ እንደ ስርዝ ድልዝ ይቆጠራል። ስርዝ ድልዙን ያስከተለው ነዋሪ ነው።

ሠ) እናቱን ወክሎ የመጣ ልጅ በእናቱ ስምም በራሱ ስምም ይፈርማል። ሁለት ቤተሰብ ናቸው።

ረ) ያልተጠራ ነዋሪ ያልመጣው ቅሬታ ስለሌለው ነው።

ሰ) ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አረጋውያን አውራ ጣታቸው በአስተባባሪው እጅ ተይዞ፣ ቀለም ነክቶ ቅጹ ላይ ያርፋል። «ምንድን ነው ልጄ?» ብለው የጠየቁ እንደሆነ «መምጣትዎን ነው እማማ» ይባላሉ። ይኸው አሻራ በሳምንቱ «ነዋሪዎች በወንዙ ዳር ያለው ምንጭ እንዲደፈን በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ከሚል ቃለ ጉባዔ ጀርባ በስቴፕለር ተመትቶ የተገኘ እንደሆነ...

እንደሆነ ምን? አይቼዋለሁ እኮ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ አሻራው ወደ ጎን ተንሸራቷል፤ እማማ እጃቸውን ሳብ አድርገው ነበር። እኚህ ሴት ክረምት ወንዙ ሲሞላ የማን አጥር ድረስ እንደሚደርስ ያውቃሉ። ቧንቧ በጠፋ ጊዜ ሰፈሩ በዚያ ምንጭ እንዴት እንደከረመ፣ ተራ እንዴት ይያዝ እንደነበር፣ የትኛው ድንጋይ ለልብስ ማጠቢያ፣ የትኛው ለእግር መታጠቢያ እንደተተወ ያውቃሉ። ቅርስ የሚባል ነገር ካለ ያ ነው። አንድ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «እስቲ ያጫውቱኝ» አላላቸውም። የተጠየቀው ጣታቸው ነው። ደግሞ መርቀው ነው የወጡት! ለብስኩቷ!

ሸ) ከላይ በፊደል ተራ ሰ የተመለከተውን አንብቦ የተናደደ ሰው ግንዛቤ ያልተፈጠረለት በመሆኑ ሥልጠና ይሰጠዋል። በሥልጠናው ይፈርማል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ቅርሱ
በተደፈነው ምንጭ ላይ እንስራ ያዘለች ሴት የሲሚንቶ ሐውልት ይቆማል። እንስራው በፓምፕ ውሃ ያፈሳል፤ መብራት ሲጠፋ አያፈስም። ጄሪካን ይዞ ወደ ሐውልቱ መጠጋት ክልክል ነው፤ የባህል ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሣት ግን ይበረታታል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ሌሎች ሕጎች
1. ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43፣ እንዲሁም አካባቢን በሚመለከት ይህንኑ የሚደግመው አንቀጽ 92 በዚህ አዋጅ ሊሻሩ ስለማይችሉ አይነበቡም።
2. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናት ለሕዝብ ተደራሽ ይሁን ባለው መሠረት ጥናቱ በመሳቢያ ውስጥ ተደራሽ ሆኗል። ቁልፉን የያዘው ባልደረባ መስክ ወጥቷል።
3. የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደተከበረ ይቆያል።

አንቀጽ 7፦ ቅጣት
አለ።

አንቀጽ 8፦ ስለ ቅሬታ
ቅሬታ ያለው ነዋሪ በቀጣዩ የምክክር መድረክ ያቀርባል። ሲገባ ይፈርማል።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ነዋሪው ከተወያየበት ዕለት ሁለት ወር አስቀድሞ የጸና ነው።

አዋጁን ላረቀቃችሁ፦ ሰሌዳውም ሐውልቱም ይቁም፤ አንከራከርም። የፈረምንበትን ወረቀት ቅጂ ግን ስጡን።